በጥላ የተለካ ሙቀት

ቁልፉ ዞሮ የመኪናዋ ሞተር ገና ሳይነሳ፣ በስልኬ ላይ ሰማንያ ስምንት የሚል ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ስህተት መስሎኝ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚጮህ ነገር የለም። ታዲያ የሚለካው ምኑ ነው?

«አየሩ ነዋ» አለችኝ ጎረቤታችን። «አሁን አንተም እኔም ላይ ተጭኖ ያለው አየር፣ በኪሎፓስካል ተለክቶ።»

እሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በማሽን ጥገና ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የግፊትና የሙቀት ቁጥር ስታነብ ትውላለች፤ ስትቆጥር ግን በኦሮምኛ ነው። «ሰዴታሚ ሰዴት» ብላ ሰማንያ ስምንትን ለራሷ ደገመችና ስልኩን መለሰችልኝ። እኔ በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ጽፌያለሁ። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ውሃ መቋረጥ፣ ስለ ሙቀት ጽፌያለሁ። አየር ክብደት ኖሮት ድሬዳዋ ላይ እንደሚያርፍ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ቅጠላቸውን እንኳ አያነቃንቁም። ያ ሰማንያ ስምንት ትከሻዬ ላይ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ አጥሩ ሥር በተኛችው ድመት ላይ እኩል ተጭኖ የሚታየኝ መሰለኝ።

የመኪናዋ ባለቤት የእህቴ ባል ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ዕድሜውን ያሳለፈው በባቡር ጥገና ነው፤ የድሮው ባቡር ሲቆም እሱም ጡረታ ወጣ። እስከ ዛሬ ጋራዥ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ከፈረንሳዮቹ በወረሱት ቃል «አቴሊዬ» ነው የሚለው። አቴሊዬው አሁን የጋራ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። እዚያ የቀረችው ብቸኛ ሥራ ደግሞ አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት።

መኪናዋ ደንገጎን አትችልም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ነው የምለው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆማበታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ እህቴ ውስጧ ነበረች። በሦስተኛው የልጇ አማቾች የተሳፈሩበት ሚኒባስ ቀስ ብሎ አጠገባቸው ሲያልፍ፣ ሰዎቹ በሙሉ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡላት። እህቴ ገዢ የፈለገችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁርሶ በኩል የሚኖር አንድ ጡረተኛ ወታደር አገኘች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ።

«ሰማህ» አለችው ለባሏ፣ እኔ ባለሁበት። «እስከዚያች ቅዳሜ ጊዜ አለህ። እኔን ይዛ ደንገጎን ሳትቆም ሳትጨስ ከወጣች ትቀመጥ። ካልወጣች ትሄዳለች።»

«ሳትጨስ ማለት?»

«ጭስ ሳይወጣት ነዋ! የድሮውን ባቡር፣ ሽመንደፈር ልሳፈር አይደለም የምወጣው አቦ!»

ጋሼ በማግስቱ ታይዋን ከሚባለው ገበያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሲገልጠው ቀንድ አውጣ የሚመስል የብረት ዕቃ ነው፤ ቱርቦ። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል ይሽከረከርና አየር ጨምቆ መልሶ ለሞተሩ ያጎርሳል። ጋሼ በባቡሮቹ ላይ ያገለገላቸው ቱርቦዎች የበርሜል ያህል ነበሩ። ይቺን በአንድ እጁ መዳፍ ላይ አስቀምጦ በጣቱ አሽከረከራት።

«ገና ጡት አልጣለችም» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ቱቦውን ቆርጦ፣ በይዶ፣ አስሮ ለመጨረስ አምስት ቀን ፈጀበት። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ የሰጠኝ ሥራ አንድ ነበር። «አንተ ቁጥር ጻፍ። አስተያየት አልፈልግም።» ጎረቤታችን የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ አዋሰችን። ከመሪው ሥር ስትሰካ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ከየሴንሰሩ የሚሰማውን ሁሉ ወደ ስልኬ ትልካለች።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ወደ ሁርሶ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ጋሼ ነዳጁን ረገጠ። ቁጥሩ ሰማንያ ስምንትን ተሻግሮ ዘጠና አምስት፣ መቶ አራት፣ መቶ አሥራ አምስት እያለ ወጣ። ለጥቂት ሰከንድ መኪናዋ መሬቱን የነካች አትመስልም ነበር። ግራርና ቁልቋሉ በሁለቱም ጎን ተቀላቅሎ እንደ አንድ አረንጓዴ ክር ሲሳብ አየሁ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ የያዘን ያህል ተደፋን። ሞተሩ ዝም አለ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ተደፋን።

ጎረቤታችን ማታ ከሥራ ስትመለስ የጻፍኩትን አነበበች።

«ፈርታ ነው» አለች። «ይቺ ሞተር ስትሠራ ቱርቦ አልነበራትም። የግፊት ሴንሰሯ መቶን ትንሽ አለፍ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። አንድ መቶ አሥራ አምስት ሲመጣበት ኮምፒውተሩ ‹ይኼ ሊሆን አይችልም› ብሎ ቤንዚን ይዘጋል።»

በማግስቱ ጋሼ ገበያ ወርዶ ጣት የማታህል የፕላስቲክ ቫልቭ አመጣ። የሸጠለት ኤሌክትሪሺያን የነገረውን በሰውዬው ድምፅ ደገመልን። «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ይቺን የሴንሰሩ ቱቦ ላይ አስራት። ትርፉ ግፊት ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ ውጭ ይፈሳል። ሞተሩ ይበላል፣ ኮምፒውተሩ አያይም። ወላሂ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው።»

ጋሼ በነገሩ ተደስቷል። ጎረቤታችን ግን ቫልቭዋን ተቀብላ እያገላበጠች፣ «ቤንዚኑን የሚመድበው ማነው?» አለችው።

«ኮምፒውተሩ።»

«የማንን ወሬ ሰምቶ?»

«የሴንሰሩን።»

«እንግዲህ የሴንሰሩን አፍ ካፈንከው አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። እሳቱ ይግላል። ፒስተኑ ይቀልጣል።»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው። ደንገጎን ብቻ።»

«የሚቀልጠውም ደንገጎ ላይ ነው፣ ጋሼ!»

ቅዳሜ ሊመጣ አንድ ሳምንት ቀርቷል። ቫልቭዋ ካልታሰረች ሞተሩ ይቆማል፤ ከታሰረች ይቃጠላል። እኔ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ እንደ ልማዴ ጠየቅሁ። «ሴንሰሩ ሳይፈራ የሚያየው ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?»

«መቶ፣ ቢበዛ መቶ ሁለት። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ አየር ማለት ነው። መኪና ሲሠሩ ከባሕሩ ወለል ነው የሚጀምሩት።»

«እኛ ደግሞ ሰማንያ ስምንት ነን።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለጋሼ ነው። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቀና አለ። «ጅቡቲ» አለ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያወራው እሱ ነው። በወጣትነቱ ከባቡሩ ጋር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ አይሻ ጣቢያን ካለፉ በኋላ የሞተሩ ድምፅ እንደሚለወጥ ነገረን። ማንም ምንም ሳይነካ ሞተሩ ይጠግባል፤ ድምፁ ይወፍራል። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ባሕሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው በጆሮው ይናገር ነበር። አየሩ እየወፈረ፣ እየከበደ፣ ጨው ጨው እያለ ይመጣል። ጋሼ ሲያወራ እጁ በአየሩ ላይ ሐዲድ ይሠራ ነበር፤ እኔም ከኒሙ ሥር ተቀምጬ ባሕሩ በዚያ ሐዲድ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ሲመጣ፣ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያለ ድምፅ ሲተኛ ይታየኝ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ነገር ዜና ውስጥ አይገባም። የዚያን ዕለት ግን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

«ቱርቦው ሰማንያ ስምንቷን መቶ ቢያደርጋትና እዚያው ላይ ቢቆም» አልኩ «ሴንሰሩ ምን ይላል?»

«ጅቡቲ ነኝ ይላል» አለች ጎረቤታችን።

«መዋሸት ነው?»

አሰበች። «አይደለም። አየሩ በእርግጥ የባሕር አየር ያህል ይወፍራል። ያየውን ነው የሚናገረው፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይመጣል።»

መቶ በኦሮምኛ ዲባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ዲባ ማለት ድንበር ሆነ። ጋሼ ፕላስቲኳን ቫልቭ ለገበያው መለሰ። ትርፉን ጭስ ከቱርቦው ጎን የሚለቅቀውን ትንሽ በር ስፕሪንጉን እያላላ፣ እየሞከረ፣ ቁጥሩ ዲባ ላይ ሲደርስ እንዲከፈት አደረገው። መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ መደፋቱን ተወ።

የእኔ ስህተት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው፤ እንዳለ እናገራለሁ።

ሞተሩ ሌላም ሴንሰር አለው፤ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካ። ቱርቦው ሲገባ ቦታውን ስለወሰደበት ጋሼ በሽቦው አንጠልጥሎ ይዞት፣ «ይቺን የት ላድርጋት?» አለኝ። አስተያየት አልፈልግም ያለ ሰው ነው፤ ይኼኛውን ግን ጠየቀ። እኔም ሳላመነታ መለስኩለት። ለዓመታት የከተማውን ሙቀት ዘግቤያለሁ። የአየር ሙቀት በፀሐይ አይለካም፤ የሜትሮሎጂ ሰዎች ቴርሞሜትራቸውን ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ በፀሐይ ለክተው አምሳ ገባ የሚሉ ሰዎችንም ደጋግሜ አርሜያለሁ።

«በጥላ» አልኩት። «ከሞተሩ ሙቀት የራቀ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ።»

ለድሬ ሰው ይህ ማስረጃ አያስፈልገውም። እዚህ ውሃውም፣ ልጁም፣ ባጃጁም፣ አህያውም ጥላ ይፈለግለታል፤ ዕቃ ፀሐይ ላይ ትቶ መግባት የስንፍና ምልክት ነው። ጋሼ ሴንሰሯን ከፊት መብራቱ ጀርባ ወሸቃት። ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ትንሽ ጣሪያ ሠራላት። እኔም አይቼ አመሰገንኩት።

ሁለተኛውን ሙከራ በቀትር አደረግን፣ ጋሼ «ቀትርን ከቻለች ሁሉን ትችላለች» ስላለ። ከከተማው ወጥተን የደንገጎ ዳገት የሚጀምርበት ደረስን። ግፊት መቶ። ሙቀት ሠላሳ ስምንት። የምጽፈው ሁሉ ያማረ ነበር። ጋሼ ሲረግጥ ግን ከሞተሩ ውስጥ ድምፅ መጣ፤ በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ። ስልኩን አየሁ፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ጠጠሩ ግን ይናጣል። ጋሼ ወዲያው እግሩን አነሳ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ፒስተኖቹ ናቸው የሚጮሁት» አለ። «ትንሽ ከቆየን ትሰነጠቃለች።»

መኪናዋን አዙረን በቀስታ፣ ታማሚ እንደያዘ ሰው ወረድን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ደብተሬ ላይ «ድምፅ አለ፤ በቁጥሩ ውስጥ ግን የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥርና ጆሮ ሲጣሉ የትኛውን እንደማምን ግራ የገባኝ ያኔ ነው።

ጎረቤታችን ኮፈኑን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የቆርቆሮውን ጣሪያ ነው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ጥላ ነው» አለ ጋሼ።

«ለማን?»

«ለሴንሰሯ።»

ሳቋ መጣባት፤ መቆም አቅቷት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ጎጆ ሠራችሁላት! ምንጣፍስ የለም?»

«እኔን አትበይኝ አቦ። ጋዜጣው ነው ያዘዘኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ! ሞተሩ የሚተነፍሰውን ለካ አልንህ እንጂ የድሬን አየር ጠባይ ዘግብ አልንህ? ቱርቦ አየር ሲጨምቅ ያግለዋል። ሞተሩ የሚውጠው እሳት ነው፤ ሴንሰሯ ግን ጥላ ሥር ተጋድማ ‹ቀኑ ደህና ነው› ትላለች። ኮምፒውተሩም አምኗት ብልጭታውን ቶሎ ይተኩሳል። ታዲያ አይጮህም?»

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ቦታው ግን አልነበረም። የኤሌክትሪሺያኑን ቫልቭ ውሸት ነው ብለን መልሰን፣ ሌላውን ሴንሰር እኔ ራሴ በንጹሕ ልብ አስዋሽቼዋለሁ። ደብተሬን አውጥቼ፣ ለጋዜጣ እንደምጽፈው «እርማት» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩ። የረቡዕ የሙቀት ቁጥሮች በሙሉ ስህተት ናቸው፤ ያሳሳተውም ጸሐፊው ነው።

ሴንሰሯ ከቱርቦው ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ተበስቶላት ገባች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ስንነዳ ስልኩ ስልሳ ስምንት አለ። ጋሼ ደነገጠ። «ታመመች!»

«ትናንትም ስልሳ ስምንት ነበረች» አልኩት። «ዛሬ ነው የነገረችን።»

ኮምፒውተሩ እውነቱን ሲሰማ ብልጭታውን አዘገየ። ጉልበቷ ትንሽ ቀነሰ፤ ጠጠሩ ግን ጠፋ። ጋሼ ይኼም አላረካውም። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርዶ ከአሮጌ የናፍጣ መኪና የወጣች ትንሽ የአየር ራዲያተር ገዛ። የቱርቦው አየር በእሷ በኩል እየበረደ እንዲገባ ከፊት አሰራት። ሙቀቱ ወደ አምሳ ወረደ። ጸሐይ ስትጠልቅ እጁን ታጠበና እህቴ ወደተቀመጠችበት በረንዳ ሄደ።

«ነገ ጠዋት» አላት።

«ጫማዬን ላድርግ ወይስ ስሊፐር? እግሬ መንገድ ለምዷል።»

«ስሊፐር» አለ።

ዓርብ ማለዳ ወጣን። እህቴ ከኋላ ብቻዋን፣ ጋሼ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ጎረቤታችን ሥራ ነበረባት፤ ከበሩ ላይ ቆማ «ዲባ!» ብላ ጮኸችልን።

ከተማው ከሥራችን ሲቀር ግፊቱ መቶ፣ ሙቀቱ አርባ ስድስት ይላል። የመጀመሪያውን ጥምዝ ዞርን። ጫት የጫኑ መኪኖች ከላይ እየተወረወሩ ይወርዳሉ፤ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ጠርዝ ተቀምጠው እያንዳንዱን መኪና እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይመለከታሉ። የትንሿ በር ስፕሪንግ በዙሪያዋ ካለው አየር በላይ የተወሰነ ያህል ብቻ ስለሚጨምር፣ ከፍ ባልን ቁጥር ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘጠና ሰባት። ዘጠና አራት። እያንዳንዱን ጻፍኩ። ጋሼ አንገቱን ትንሽ ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ይሰማል። ጉም ከሸለቆው ተነስቶ መንገዱ ላይ ሲተኛ፣ ወደ ላይ እየወጣን ሳይሆን በአንድ ቦታ ተንሳፍፈን ተራራው በቀስታ ወደ ታች የሚያልፈን መሰለኝ። ድምፁ እኩል ነበር፤ የጠገበ ሞተር ድምፅ።

ሦስት ጊዜ የቆመችበትን ጥምዝ ስናልፍ፣ ጋሼ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እኔም ዞርኩ።

እህቴ ተኝታለች። ጭንቅላቷ መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ይህን መንገድ ስትሄድ ዓይኗን ከሙቀት መለኪያው መርፌ ላይ የማታነሳ ሴት ናት፤ ዳገቱን ሁሉ እጇ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነው የምትጨርሰው።

«ቀስቅሳት» አለኝ ጋሼ በሹክሹክታ። «ታየው እንጂ! ካላየችው ምን ዋጋ አለው?»

«ብትነቃ ምን ታያለች?»

ዓይኑን መልሶ ወደ መንገዱ አዞረ። ወዲያው ደግሞ «አንተ ጽፈሃል አይደል?» አለኝ።

«ጽፌያለሁ።»

ዘጠና አንድ። ዘጠና። መንገዱ ተቃና፤ ሜዳው ተከፈተ፤ የማሽላ ማሳ በሁለቱም ወገን መጣ። ሙቀት አምሳ ሁለት፣ ጭስ የለም፣ ማቆም የለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከኋላ ድምፅ ሰማን።

«ምን ብርድ ነው ይኼ? መስኮቱን ዝጉት እንጂ!» ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ። በድሬ ብርድ የለም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ደንገጎን አለፍን እንዴ?»

«አለፍን» አለ ጋሼ።

«ሳንቆም?»

«ሳንቆም» አልኩ እኔ።

የጋሼ ጆሮ ከሞተሩ ወደ እሷ ዞሯል። ቦርሳዋን ስትበረብር፣ ስልኳን አውጥታ ስትደውል ሰማን። የሁርሶውን ሰውዬ ነው።

«እንዴት አደሩ... ደህና ነኝ። ስለ መኪናዋ ነው፣ ነገ እንዳይለፉ ብዬ። አትሸጥም... የለም የለም፣ ዋጋው አይደለም። ሌላ ገዢም አልመጣም... እንዴት እንደምነግርዎ እኔ እንጃ።» ሰውዬው አልሰማ እንዳላት ድምጿን ከፍ አደረገች። «ተኛሁባት! ደንገጎ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ እያልኩዎት እኮ ነው!»